ከእትዬ አንጓች ጀርባ

ባለፈው ክረምት እንጅባራ ላይ ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ዝናቡ ድንገት ወረደ። ሮጬ አንዲት ሱቅ ጥግ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ስር ተጠለልኩ። ባለሱቁ ውሃው እቃው ላይ እየረጨ ሲያስቸግረው የቆርቆሮ መስኮቱን ስቦ ዘጋና ከውስጥ የብረት መወርወሪያውን ጣለበት። ቋ! አለ ብረቱ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ ልል ስል አጠገቤ የተጠለለች ሴት ክንዴን ያዘችኝ።

«ምነው እህቴ፣ አመመሽ?»

«ብርዱ ነው» አልኳት።

ብርዱ አልነበረም። ያ ድምፅ ዳንግላ መልሶኝ ነው፤ እትዬ አንጓች ሱቅ ውስጥ፣ ከምስር ከረጢቶች መሃል ግንባሯ እየደማ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቆመች ትንሽ ልጅ። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።

እትዬ አንጓች የሰፈራችን ባለሱቅ ነበሩ። ሱቃቸው ከገበያው ወደ ጋሪ ማቆሚያው ከሚወርደው መንገድ ዳር ነበረች፤ ጠባብ፣ ጨለም ያለች፣ አንድ የእንጨት በርና አንድ የቆርቆሮ መስኮት ያላት። በሩ ጥግ የላምባ በርሜል ይቆማል። ከጣሪያው የፕላስቲክ ጫማዎች በሲባጎ ታስረው እንደ ነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ይንጠለጠላሉ። የባትሪ ድንጋይ፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ በጠርሙስ የታጨቀ ከረሜላ፣ በቢላ እየተቆረጠ የሚሸጥ ረጅም ሳሙና ነበራቸው። የላምባውና የሳሙናው ሽታ ልብሳቸው ውስጥ ከመግባቱ የተነሳ ቤተ ክርስቲያን ከኋላችን ሲቆሙ እንኳ ሳንዞር እናውቃቸው ነበር። ቀጭን፣ አጭር፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ተወልደው ያደጉት ገጠር ስለሆነ በአፍ መፍቻቸው በአገውኛ ነበር የሚጸልዩት፤ ከእኛ ጋር ግን በአማርኛ ነው የሚያወሩት። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ሱቋም የቆመችው በባላቸው ታላቅ ወንድም፣ በአያ ስማቸው ግቢ ጠርዝ ላይ ነበር። አያ ስማቸው የእድሩ ዳኛ ነበሩ፤ ሰፈሩ ያከብራቸዋል፣ ይፈራቸውማል።

እትዬ አንጓች ከሰው ሐሳብ ወጥተው አያውቁም። ምንም ነገር ቢጠየቁ መልሳቸው «እናንተ ካላችሁ ይሁን» ነው። የሰፈሩ ሰው በሩን አረንጓዴ ሲቀባ ሰማያዊ እየወደዱ አረንጓዴ ቀቡ። የእድሩ ስብሰባ ወደ ገበያ ቀን ሲዛወር፣ ሱቃቸው የሚዘጋባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ እጃቸውን ከሁሉ ጋር አወጡ። አንዲት ጎረቤት ከማኅበሩ ሴቶች ጋር ተኳርፋ ሁሉም ፊቱን ሲያዞርባት፣ እሳቸውም ምን እንዳደረገች ሳይጠይቁ ሰላምታቸውን ቀዝቀዝ አደረጉ። እናቴ ትስቅባቸው ነበር። «አንጓችን ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ብትያት፣ እናንተ ካላችሁ ትልሻለች» ትላለች። እኔም እንደዚያ አድርጌ ነበር የማውቃቸው፤ ከረሜላ ስገዛ አንድ የሚጨምሩልኝ፣ ለማንም ክፉ ቃል የማይናገሩ፣ ለማንም እምቢ የማይሉ ሰው።

ያን ዓመት ዳንግላ ፈርታ ነበር። ነገሩ ከየት እንደተነሳ የሚያውቅ የለም። ጥሊሊ ላይ ልጅ ጠፋ ተባለ። የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር አልነበረም፤ ብቻ ጠፋ። ቀጥሎ ደግሞ ግምጃ ቤት ከተማ ላይ አንድ ሰው ልጅ በማዳበሪያ ከረጢት ከቶ ሲሄድ ታየ ተባለ። ሞባይል ገና እየተለመደ ያለበት ጊዜ ነው፤ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር አንዱ ለሌላው እየደወለ «ልጆቻችሁን ሰብስቡ» ይላል። እናቶች ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ጀመር። ከትምህርት በኋላ ገመድ የምንዘልበት ሜዳ ባዶ ሆነ። አንዷ የክፍሌ ልጅ «ኩላሊት ነው የሚወስዱት» ብላ ነገረችኝ። ኩላሊት የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ማታ ስተኛ ሆዴንም ጎኔንም በሁለት እጄ ሸፍኜ ነው የምተኛው።

ከሁሉ የምንፈራው ቆራሌውን ነበር። በቅርቡ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የእኛን አይመስልም። ማዳበሪያ ከረጢቱን በትከሻው ጥሎ «ቆራሌው! ቆርቆሮ ያለው፣ ጠርሙስ ያለው!» እያለ በየሰፈሩ ይዞራል። ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ አልጋ ስር እንገባለን። ከረጢቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲንኳኳ እንሰማለን፤ ጠርሙስ ነው ብሎ የሚያምን ልጅ ግን አልነበረም። ትልልቆቹም ቢሆኑ ድሮ ልጅ ዝም ለማሰኘት «ቆራሌው ይወስድሃል» የሚሉትን አሁን ሳይስቁ ይሉት ጀመር።

ከዚያ ያ የገበያ ቀን መጣ። ከእናቴ ጋር ድንች ልንገዛ ወጥተን ነበር። እናቴ ከሻጯ ጋር ስትከራከር የነጠላዋን ጫፍ እንደያዝኩ ነበርኩ፤ ሰው ገፋኝና ዞሬ ሳየው የያዝኩት ነጠላ የሌላ ሴት ነው። እናቴን ፍለጋ በሰው እግር መሃል እየተሽሎከሎክሁ ወደ መንገዱ ወጣሁ። «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ደንብሮ፣ ግንባሩ ላይ የታሰረለት ቀይ ክር እየተወዛወዘ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣል። ልሸሽ ስል ትከሻዬን መታኝና በግንባሬ ጭቃው ውስጥ ተደፋሁ። ጎማው በጆሮዬ አጠገብ ሲያልፍ ነፋሱ ተሰማኝ። ከኋላው ሌላ ጋሪ እየመጣ ነበር። በዚያች ቅጽበት ሁለት እጆች ከብብቴ ስር ገብተው ወደ ላይ ነጠቁኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ቆራሌው ነው።

ድምፄ አልወጣም። ደም ከግንባሬ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። «አይዞሽ፣ አይዞሽ። እናትሽ የት ናት?» አለኝ። ከረጢቱን በአንድ ትከሻው፣ እኔን በሌላ ክንዱ ይዞ ከመንገዱ ወጣ። ጥቂት እንደሄደ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ኡኡ! ቆራሌው ልጅ ይዟል! ደም በደም አድርጓታል!»

ያ ጩኸት እንዴት እንደተዛመተ ልነግራችሁ አልችልም። ድንች የሚመዝነው መመዘኑን ተወ፤ ሁሉም ዞሮ አየን። ፊቶቹ የማውቃቸው ናቸው፤ ጨው የምንገዛባቸው፣ አብረውን የሚያስቀድሱ፣ የጓደኞቼ አባቶች። ግን አላወቅኋቸውም። የመጀመሪያው ድንጋይ ጀርባው ላይ ሲያርፍ በደረቱ በኩል ተሰማኝ፤ ከረጢቱን ጥሎ መሮጥ ጀመረ። ለምን እኔን እንዳልጣለኝ ያን ጊዜ አልገባኝም። ቢያወርደኝ ኖሮ ያ ሁሉ እግር ይረግጠኝ ነበር። በዚያ መንገድ ዳር ቀድሞ ያገኘው ክፍት በር የእትዬ አንጓችን ነበር።

እትዬ አንጓች ሳሙና እየቆረጡ ነበር። ቆራሌው ከከረጢቶቹ መሃል አስቀመጠኝና እግራቸው ስር ወደቀ።

«እናቴ አውጪኝ። በማርያም አውጪኝ።»

እሳቸው እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የያዙትን ቢላ አዩ። ከዚያ በሩን ገፍተው ቀረቀሩና መስኮቱን ስበው መወርወሪያውን ጣሉበት። ቋ! አለ። ሱቋ ጨለመች። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ደሙን ከዓይኔ ጠረጉልኝ።

«ትርንጎ፣ እኔን እዪኝ። እሱ ነው የመታሽ?»

ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝሁ።

«ማነው ታዲያ?»

«ፈረስ» አልኩ። ከዚያ ሌላ ቃል ሊወጣኝ አልቻለም።

«እሱስ ምን አደረገሽ?»

«አነሳኝ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትልቅ ሰው ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የእትዬ አንጓች ከንፈር ግን ነጭ ሆኖ ነበር። ውጭ በሩ በዱላና በእግር ይደበደባል፤ የበሩ ማጠፊያ ከእንጨቱ እየተላቀቀ አቧራ ይረግፋል። «በርሜሉ እዚያው በሩ ጋ ነው! በላምባው እናቃጥለው!» የሚል ሰማሁ። ቆራሌው ጉልበቱን አቅፎ ያለ ድምፅ ያለቅስ ጀመር። እትዬ አንጓች «ሰብረው ከገቡ የሚያቆማቸው የለም» አሉ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው። ቢላውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። በሩን ከፈቱና ደፉ ላይ ቆሙ።

እኔ ቀሚሳቸውን ይዤ ከኋላቸው ነበርኩ። ውጭ ያለው ሰው ያየው ፊታቸውን ነው፤ እኔ ያየሁት ጀርባቸውን። ተረከዛቸው መሬቱን እየደጋገመ ይመታ ነበር። ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው እጄን አገኙት፤ አጥንቴ እስኪያመኝ ጨመቁት። እጃቸው በላብ ርሷል።

አያ ስማቸው ከፊት ነበሩ። ዱላቸውን ይዘዋል።

«አንጓች፣ ዞር በይ።»

«አልዞርም፣ አያ።»

ከእሳቸው አፍ እንደዚያ ያለ ቃል የሰማ ሰው አልነበረም።

«ምን አልሽ?»

«አልዞርም አልኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ልጅ ሊሰርቅ እኮ ነው! ደሟን አላየሽም?»

«አየሁ፤ ጠየቅኋትም። የጣላት ፈረስ ነው። እሱ ከመንገድ ነው ያነሳት።»

«አስፈራርቷት ነው እንደዚያ ያለችው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሲሰርቃት ያየ ማነው?» አሉ እትዬ አንጓች። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ ቢሆንም ተሰማ። «ያየ ሰው ይምጣና እዚህ ፊቴ ቆሞ ይንገረኝ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። መጀመሪያ የጮኸችው ሴት «ደሙን አየሁ እንጂ እኔ እንኳ ...» ብላ ወደ ሰዉ መሃል ገባች። ለአፍታ ነገሩ የሚያልቅ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ወጣት «የጥሊሊውስ ልጅ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ እንደገና ፈላ። ድንጋይ መጣ። ሲመጣ አላየሁትም፤ እትዬ አንጓች ወደ ኋላ ሲንገዳገዱና ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ነው ያወቅሁት። ከአንገታቸው ስር መቷቸው ነበር። ወደ እኔ ይወድቃሉ ብዬ በሁለት እጄ ደገፍኳቸው። አልወደቁም። ዝቅ ባለ ድምፅ በአገውኛ ሲጸልዩ ሰማሁ። ቃሉ አልገባኝም፤ ድንጋጤው ግን ገባኝ።

አያ ስማቸው ጠጋ አሉ። «ይኼ ግቢ የማን እንደሆነ አትርሺ» አሏቸው፣ ሌላው እንዳይሰማ።

«አልረሳሁም፣ አያ። ሱቁን ይውሰዱት። ሰውዬውን ግን ለፖሊስ እንጂ ለእናንተ አልሰጥም።»

በዚህ መሃል እናቴ ስሜን እየጠራች መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ነጠላዋ የለም፤ ፀጉሯ ተበትኗል። ቀኝ እጇ ውስጥ ድንጋይ ነበር። እትዬ አንጓች ወደ ጎን ዘንበል ብለው በብብታቸው ስር አሳለፉኝና ወዲያው ደፉን ሞሉት።

«ማነው? ምን አደረገሽ?» አለችኝ እናቴ።

«ፈረስ ጣለኝ፣ እማ። እሱ አነሳኝ።»

ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ። እግሬ አጠገብ ሲያርፍ አየሁት። አቅፋኝ መንገዱ ላይ ተቀመጠችና «ልጄ ደህና ናት፣ ተዉት፣ ተዉት» እያለች ታለቅስ ጀመር። ከጎናችን ያሉት ሰሟት፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። አያ ስማቸው ዱላቸውን አላነሱም፣ አላወረዱምም። እንዲያው ቆመው ሳለ ፖሊሶች ሰዉን እየገፉ ደረሱ። ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ፈርተዋል፣ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ቆራሌውን ይዘው ሲወጡ ሰዉ ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አውልቀው ወጣቱ ትከሻ ላይ ጣሉ፤ ክንዱን ያዙና አብረውት መሄድ ጀመሩ። ሱቃቸው ክፍቱን ቀረ። አንገታቸው ስር ያለው ቀሚስ ደም አርሶታል። ሰው እስከ ፖሊስ ጣቢያው ተከተላቸው፤ እሳቸውን ሳይመታ እሱን መምታት ስለማይችል ግን ድንጋይ የወረወረ አልነበረም።

ቆራሌውን መርምረው ለቀቁት። በማግስቱ በሚኒባስ ሄደ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ዳንግላ ያየው የለም። የጥሊሊውም ልጅ ጉዳይ በኋላ ተጣራ። ከጥሊሊ ለገበያ የመጡ ሰዎች ሲጠየቁ «እኛማ ዳንግላ ላይ ነው የጠፋው ሲባል ነው የሰማነው» አሉ።

እትዬ አንጓችን ይቅርታ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ሰዉ አፈረ፤ ስላፈረም በዚያ በኩል ማለፍ ተወ። ሳሙናውንም ላምባውንም ከሌላ ሱቅ ይገዛ ጀመር። አያ ስማቸው ክረምቱ ሳይወጣ ግቢዬን ልቀቂልኝ አሏቸው። እትዬ አንጓችም ሳይከራከሩ ከጋሪ ማቆሚያው በታች ፍግ የሚሸትት ጠባብ ቤት ተከራይተው እቃቸውን አጋዙ። እናቴ ጨው ባለቀ ቁጥር ሌሎቹን ሱቆች ሁሉ አልፌ እዚያ ድረስ እንድሄድ ታደርገኝ ነበር። «ሰው ሲያይሽ ሂጂ» ትለኛለች። መጀመሪያ የምሄደው እኔ ብቻ ነበርኩ። እየቆየ የጎረቤታችን ልጅም መጣች፤ ከዚያም ሌሎች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

እትዬ አንጓች ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው የሚሆኑ መስሎኝ ነበር። አልሆኑም። እድሩ ሲሰበሰብ እጃቸውን ከሁሉ ጋር ያወጣሉ። አዲሱን በራቸውንም የሰፈሩ ሰው በቀባው ቀለም ቀቡት። ነገሩ ሲከነክነኝ ኖሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እግራቸውን አሟቸው ሱቁ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እትዬ፣ ያን ቀን ፈርተው ነበር?»

«ሞቼ ነበር እንጂ ልጄ፣ መፍራት ብቻ!» አሉና ሳቁ። «አሁንም ሰው በአንድ ላይ ሲጮህ ከሰማሁ፣ ሠርግ ቢሆን እንኳ በሬን እዘጋለሁ።»

«ታዲያ ለሌላው ነገር ሁሉ እሺ የሚሉ ሰው፣ እንዴት ያን ቀን ...»

«የበር ቀለም፣ የስብሰባ ቀን፣ ምን አለበት? ሰው ደስ ይበለው። ለሁሉም ነገር እምቢ ስል ብኖር ኖሮ ያን ቀን ማን ይሰማኝ ነበር? ይቺ ሴትዮ ደግሞ ጀመራት ብለው በላዬ ላይ አልፈው ይገቡ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺን ጎረቤታችንን ግን ማኩረፌ ይቆጨኛል። እሷንም መጠየቅ ነበረብኝ። የቱ ጋ እሺ እንደሚባል፣ የቱ ጋ እምቢ እንደሚባል ሁልጊዜ አላወቅሁም። የዚያን ቀኑ ግን ግልጽ ነበር። ሰው ሊሞት እኮ ነው።»

ሌላ የነገሩኝ ነገር የለም። ስወጣ ከረሜላ ሰጡኝ።

ያረፉት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ለልቅሶ ከእንጅባራ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አያ ስማቸው አርጅተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደዚያ የገበያ ቀን መጣ። አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ «ያን ቀን እኔ ከጎኗ ነበርኩ» አሉ። ሌላው «እኔም በሩ ላይ ነበርኩ፣ ድንጋይ ስመልስ» አለ። አንዲት ሴት «ኧረ እኔ ነኝ ፖሊስ የጠራሁት» አለች። አያ ስማቸው ሳይቀሩ «ሰዉን ያረጋጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። የሚዋሹ አይመስሉም ነበር። ከእትዬ አንጓች ጎን መቆምን እስከዚህ ስለተመኙት የቆሙ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ከኋላቸው ነበርኩ። ከእሳቸው ጎን ማንም አልነበረም።

እውነቱ አፌ ላይ መጣልኝ። እናቴን አየኋት። በድንኳኑ ውስጥ ስለዚያ ቀን ምንም ያልተናገረች እሷ ብቻ ነበረች፤ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ መዳፏን ትመለከታለች። ሐሳቤ ገብቷት ይሆን አላውቅም፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ ትርንጎ» አሉኝ ባለጋሪው፣ «ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ ታስታውሺዋለሽ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ይጠብቃል። የቆየው ፍርሃት ተመለሰብኝ።

«በደንብ አስታውሳለሁ» አልኩ። «ሁላችሁም ነበራችሁ።»

ባለጋሪው ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረው መሃል ላይ አቆሙ። አያ ስማቸው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።